ጉልበት ሲከዳ፣ ትከሻ ሲወልቅ፦ ቀዶ ሕክምናው ምን ይሠራል?

ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው የግሪክ ሐኪም ሂፖክራተስ፣ ትከሻቸው እየደጋገመ ለሚወልቅባቸው ሰዎች አንድ ሕክምና ነበረው። ቀጭን ብረት እስኪቀላ ያግላል። የብብቱን ቆዳ በጣቶቹ ቆንጥጦ ይይዛል። ከዚያ የጋለውን ብረት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሳልፈዋል። ማደንዘዣ የለም። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው ይኮማተራል፣ አጥንቱ ሾልኮ የሚወጣበት ቦታም ይጠብባል።

ጭካኔውን ለጊዜው እንተወው። ሐሳቡ ግን የሞኝ አልነበረም፤ የላላውን አጥብቅ ነው ነገሩ። እንዲያውም በ1990ዎቹ ይኸው ሐሳብ ዘመናዊ ልብስ ለብሶ ተመለሰ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐኪሞች በቀጭን መሣሪያ ወደ ትከሻ ውስጥ ገብተው፣ መገጣጠሚያውን የሸፈነውን ከረጢት በሙቀት ማኮማተር ጀመሩ። ለጥቂት ዓመታት ነገሩ ፋሽን ሆነ። ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ ስፌት የለውም። ከዚያ ግን የተኮማተረው ከረጢት ተመልሶ ላላ። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ አጥንቱን ያለበሰው ካርቲሌጅ አለቀ። ዘዴው ተተወ።

ሁለቱም ዘዴዎች የሚነሡት ከአንድ ጥያቄ ነው፤ «እንዴት ላጥብቀው?» ከሚለው። እኔ የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምናን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ፣ ሐኪሞች ጥያቄውን ቀይረው «ለመሆኑ የጎደለው ምኑ ነው?» ለማለት የፈጀባቸው ጊዜ ነው። አንድ የአጥንት ሐኪም «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» ወይም «አያስፈልግሽም» ሲል ከጀርባው ያለው ይኸው ጥያቄ ነው።

መገጣጠሚያን ምን ያዘው?

ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የአጥንቱ ቅርጽ ነው። ዳሌን ብንወስድ፣ የጭን አጥንት ራስ ጥልቅ ጽዋ ውስጥ ተቀብሯል። በቀላሉ አይወልቅም፤ ለማስወለቅ የመኪና አደጋን ያህል ጉልበት ይጠይቃል። ትከሻ የዚህ ተቃራኒ ነው። የክንድ አጥንት ራስ የተቀመጠበት ቦታ ትንሽ ነው፣ ጥልቀትም የለውም። በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ኳስ አስቡ።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ትንሽ ያስቸግራል። «ጅማት» ብለን ስንት ነገር ነው የምንጠራው! አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ነው፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ነው፣ አንዳንዴ ነርቭም ሳይቀር ጅማት ይባላል። ነገር እንዳይምታታ እኔ አጥንት ከአጥንት የሚያስረውን ሊጋመንት፣ ጡንቻ ከአጥንት የሚያያይዘውን ደግሞ ጅማት እላለሁ። ልዩነቱ በኋላ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም የብዙው ቀዶ ሕክምና ምሥጢር ከጅማት ሊጋመንት መሥራት ነው።

ሦስተኛው ጡንቻ ነው። ጡንቻ መገጣጠሚያውን የሚጠብቀው በጉልበቱ ብቻ አይደለም፣ በሰዓቱ በመድረሱም ጭምር ነው። እግራችን ጉድጓድ ሲረግጥ፣ ገና ሳናስበው ጡንቻዎቹ ይነቃሉ። ለዚህም ነው ሊጋመንታቸው ተበጥሶ እንኳ ያለ ቀዶ ሕክምና ደኅና የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ያሉት።

ትከሻ

ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ እንደ ትከሻ የሚንቀሳቀስ የለም። እንደ እሱ የሚወልቅም የለም። ከ10 ውልቃቶች ከ9 በሚበልጡት የክንዱ ራስ የሚወጣው ወደ ፊት ነው። ሲወጣ ታዲያ ባዶውን አይወጣም። ማስቀመጫውን እንደ ጎማ ቀለበት የከበበ ላብረም የሚባል ለስላሳ ጠርዝ አለ። ሊጋመንቶቹም የሚያያዙት በዚሁ ጠርዝ ላይ ነው። የክንዱ ራስ ይህን ጠርዝ ከፊት በኩል ከአጥንቱ ላይ ገንጥሎት ይሄዳል።

ዋናው ጉዳት ይኸው ነው ብሎ አጥብቆ የተከራከረው እንግሊዛዊው ብላንዴል ባንካርት ነው፤ በ1923። መድኃኒቱም የተገነጠለውን ጠርዝ ወደ ቦታው መልሶ መስፋት ነው አለ። ዛሬ ጉዳቱም ጥገናውም በስሙ ይጠራሉ።

ግን ሁሉም አልሰማውም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፑቲ-ፕላት የሚባል ዘዴ በሰፊው ይሠራበት ነበር። ከትከሻው ፊት ያለውን ጡንቻ ከነጅማቱ አሳጥሮ መስፋት ነው። ትከሻው እውነትም አልወለቀም። ክንዱ ግን ወደ ውጭ መዞር አቃተው። በዓመታት ውስጥ ደግሞ ከፊት የተወጠረው ጡንቻ የክንዱን ራስ ወደ ኋላ እየገፋ ካርቲሌጁን ጨረሰው። ሰዎቹ ከውልቃት ድነው በመገጣጠሚያ ብግነት ተያዙ። የተገነጠለው ጠርዝ እኮ ያኔም እዚያው እንደተገነጠለ ነበር። ማንም አልነካውም።

አሁን የባንካርት ጥገና በአብዛኛው የሚሠራው በአርትሮስኮፒ ነው። ሐኪሙ ትከሻውን አይከፍትም። ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ በአንዱ እርሳስ የምታህል ካሜራ ያስገባል፣ ቦታውን በጨው ውኃ ነፍቶ በስክሪን እያየ ይሠራል። የማስቀመጫው ጠርዝ ላይ አንከር የሚባሉ፣ ክር የተያያዘባቸው ጥቃቅን መልሕቆች ይተክላል። ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ክሩን በተገነጠለው ላብረም ውስጥ አሳልፎ ወደ አጥንቱ ስቦ ያስረዋል። ከዚያ የሚያጣብቀው ራሱ ሰውነት ነው። ክሩ የሚይዘው እስኪጣበቅ ድረስ ብቻ ነው።

ቆንጆ ሥራ ነው። ግን ለሁሉም አይሆንም። ለምን?

ትከሻ በወለቀ ቁጥር አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። የማስቀመጫው የፊት ጠርዝ እየተሸራረፈ ይሄዳል። ስኒ ማስቀመጫው መጀመሪያውንም ትንሽ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አንድ ጎኑ ተሰበረ ማለት ነው። በ2000 አሜሪካዊው ስቲቨን በርክሃርት እና ደቡብ አፍሪካዊው ጆ ደ ቢር በዚሁ ዘዴ የተጠገኑ 194 ትከሻዎችን መርምረው አንድ ነገር አሳዩ። ብዙ አጥንት ካልጎደለባቸው መካከል ትከሻው ተመልሶ ያስቸገራቸው 4 በመቶ ነበሩ። ብዙ አጥንት ከጎደለባቸው ግን 67 በመቶ። ስፌቱ ያው ስፌት ነው። የጎደለው ነገር ግን ሌላ ነበር። አጥንት ጎድሎ ላብረም ብትሰፋለት ምን ይረባዋል?

ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች አጥንት ይጨመራል። በጣም የታወቀው ዘዴ በ1954 የሊዮኑ ፈረንሳዊ ሚሼል ላታርዤ ያቀረበው ነው። ከትከሻችን ፊት ለፊት፣ ከቆዳ ሥር፣ የቁራ ምንቃር የመሰለ ጉጥ አጥንት አለ። ላታርዤ ይህን ምንቃር ከነተያያዙት ጅማቶች ቆርጦ፣ በተሸረፈው ጠርዝ ላይ በብሎን አሰረው። ብልህነቱ ያለው «ከነጅማቶቹ» በሚለው ላይ ነው። አጥንቱ ማስቀመጫውን ያሰፋዋል። ጅማቶቹ ደግሞ ክንድ ተነሥቶ ወደ ውጭ ሲዞር፣ ማለትም ትከሻ ሊወልቅ በሚችልበት በዚያች ቅጽበት፣ ተወጥረው የክንዱን ራስ ከፊት እንደ መቀነት ደግፈው ይይዙታል። አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ቦታው ለነርቮች ቅርብ ነው፣ አጥንቱ ሳይጣበቅ ሊቀር ይችላል፣ ብሎኑም በኋላ ሊያስቸግር ይችላል።

ከኋላ በኩል ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። የወለቀው ራስ ከማስቀመጫው ጠርዝ ጋር ሲላተም ይሰረጎዳል። ሂል እና ሳክስ የተባሉ ሁለት የራጅ ሐኪሞች በ1940 ስለገለጹት በእነሱ ስም ይጠራል። ስርጉዱ ትልቅ ከሆነ ክንድ ሲዞር ጠርዙ ውስጡ ይገባና ትከሻውን ፈልቅቆ ያወጣዋል። መፍትሔው የሚገርም ነው። ከኋላ ያለውን ጅማት ስርጉዱ ውስጥ ሰፍቶ መሙላት። ስሙም በፈረንሳይኛ ይኸው ነው፤ ራምፕሊሳዥ፣ መሙላት። ጉድጓዱ ከተሞላ ጠርዙ የሚገባበት የለም። ክንዱ ወደ ውጭ የሚዞርበት መጠን በትንሹ ሊቀንስ ይችላል፤ ዋጋው እሱ ነው።

ሐኪሙ ከራጅ አልፎ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሲያዝ የሚፈልገው ይህን ሁሉ ለመለካት ነው። ዕድሜም ይጠየቃል። ከ20 ዓመት በታች ሆኖ ትከሻው የወለቀ፣ በተለይ መጋፋት ያለበት ስፖርት የሚጫወት ወጣት፣ ዳግም የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ከ40 በላይ የሆነ ሰው ላይ ዳግም መውለቁ ይቀንሳል። በምትኩ ክንድን የሚያነሡት ጅማቶች ተበጥሰው ሊሆን ስለሚችል እነሱ መታየት አለባቸው።

አንድ ሌላ ዓይነት ሰው ደግሞ አለ። ምንም ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይመታው ትከሻው በየአቅጣጫው የሚንሸራተት። አውራ ጣቱ ታጥፎ ክንዱን ይነካል፣ ክርኑ ወደ ኋላ ይለመጣል። ይህ ሰው የተገነጠለ ነገር የለውም። ሰውነቱ የተሠራበት ክር ራሱ የሚለጠጥ ነው። እዚህ መቀስ ለማንሣት መቸኮል ስሕተት ነው። መጀመሪያ ወራት የሚፈጅ የፊዚዮቴራፒ ሥራ ነው። ያ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ኒር በ1980 ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። የላላው ከረጢት ይቀደድና አንዱ ጎን በሌላው ላይ ተደርቦ ይሰፋል፤ ሰፊ ኮት ደርበን እንደምንቆልፈው። ግን የሚለጠጥ ክር በጊዜ ብዛት እንደገና ሊለጠጥ እንደሚችል ታካሚው ቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

የተዋሰ ጅማት

እስኪ አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኙና የእጃችሁን አንጓ በትንሹ ወደ ውስጥ እጠፉት። አንጓው መሐል ላይ እንደ ክራር ክር የሚወጠር ጅማት ታያላችሁ? ካላያችሁም አትደንግጡ፤ ሲወለዱም የሌላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ምንም አልጎደለባቸውም። ጅማቱ ቢኖርም ባይኖርም እጅ ሥራውን ይሠራል።

ይህች ትርፍ ጅማት ናት በ1974 የስፖርት ሕክምናን የቀየረችው። ቶሚ ጆን የተባለ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ ቤዝቦል ተጫዋች። ከክርኑ ውስጠኛ ጎን ያለው ሊጋመንት ተበጠሰ። ለወርዋሪ ይህ የሥራ ማብቂያ ነበር። ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ከአንጓው ጅማቷን አውጥቶ፣ በክርኑ አጥንቶች ላይ ቀዳዳ በስቶ፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ሠርቶ አስገባት። የመመለስ ዕድሉን ከመቶ አንድ ነበር የገመተው። ጆን 1975ን ሙሉ አልተጫወተም። በ1976 ተመለሰ። እስከ 1989 ተጫወተ፣ ከ288 ድሎቹ 164ቱን ያገኘውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው። ዛሬ ኦፕራሲዮኑ በሐኪሙ ሳይሆን በታካሚው ስም ይጠራል። በሕክምና ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

መቼ መስፋት፣ መቼ መተው እንደሚገባ ለማየት ደግሞ ሁለት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይበቃሉ። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ከውጭ በኩል ያለው ሊጋመንት ቢበጠስ እንኳ ጫፎቹ እዚያው ተቀራርበው ይቀራሉ። ስለዚህ በአብዛኛው በድጋፍ ማሰሪያና ሚዛን በሚያለማምድ እንቅስቃሴ ይድናል። ከወራት በኋላም እግሩ እየተጠመዘዘ የሚያስቸግረው ሰው ሲኖር፣ ስዊድናዊው ሌናርት ብሮስትሮም በ1966 እንዳሳየው የራሱን የላላ ሊጋመንት አሳጥሮ መስፋት ነው። ዛሬም መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። ሊጋመንቱ ጨርሶ ከሳሳ ጅማት መዋስ ይመጣል።

አውራ ጣት ላይ ግን ጉድ አለ። ሰው ወድቆ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ሲገነጠል፣ የተበጠሰው ሊጋመንት ጫፍ አጠገቡ ካለው የጡንቻ ሽፋን በላይ ዘሎ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ሽፋኑ መሐል ገብቶ በር ይዘጋበታል። ሌላው ስዊድናዊ በርቲል ስቴነር ይህን በ1962 አስረድቷል። እንዲህ ከሆነ ጣቱን ለወራት በጄሶ ብታስሩት አይገናኝም። መክፈትና ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነው። ሁለቱም «ሊጋመንት ተበጥሷል» ነው የሚባሉት። አንዱ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሌላው መርፌና ክር።

ጉልበት

«ጉልበቴ ከዳኝ» የምንለው አባባል በዚህ ጉዳት ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። ሰውየው በሰላም ሲሮጥ ይቆይና አቅጣጫ ልቀይር ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ይጠፋል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው በጉልበት መሐል ተጠላልፈው ካሉት ሁለት መስቀለኛ ሊጋመንቶች የፊተኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤሲኤል። ርዝመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ ይይዛል። የሚበጠሰውም በአብዛኛው ማንም ሳይነካን ነው። ዘለን ስናርፍ፣ ወይም እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር። ብዙዎች «ጧ» ሲል ሰማሁት ይላሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ያብጣል፤ ውስጡ እየደማ ነው። ሐኪሙ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ ቅልጥሙን ወደ ፊት ሲስበው «ያዝ» የሚያደርገው ነገር ከሌለ፣ ኤምአርአዩ ገና ሳይነሣ መልሱን ያውቀዋል።

ከጉልበት ውስጠኛ ጎን ያለው ሊጋመንት ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ኤሲኤል ግን ብዙ ጊዜ አይድንም። ቦታው ነው የጎዳው። ቁስል ሲድን መጀመሪያ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም ለሁለቱ ጫፎች ድልድይ ይሆናል። ኤሲኤል ያለው ግን በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ፈሳሹ ድልድዩን ገና ሳይሠራ ያጥበዋል።

ይህን ያልተረዱት ቀደምት ሐኪሞች ሰፉት። እንግሊዛዊው ሜዮ ሮብሰን በ1895 በሊድስ የአንድ ማዕድን ቆፋሪን ሊጋመንቶች ሰፋ፤ ሰውየውም ደኅና ሆነ። ግን አንድ ሰው ደኅና መሆኑ ብዙ አያስተምርም። በ1970ዎቹ የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሠልጣኞች ላይ እንዲሁ የተሰፋው ኤሲኤል ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ የአብዛኞቹ ጉልበት ተመልሶ ከድቷል። ስለዚህ መስፋት ቀረና መተካት ዋናው መንገድ ሆነ።

መተኪያው ከየት ይምጣ? ሦስት ዋና ምንጮች አሉ፣ ሦስቱም ከታካሚው ከራሱ። አንደኛው ከሎሚው፣ ማለትም ከጉልበት ፊት ካለችው ክብ አጥንት፣ ወደ ቅልጥም የሚወርደው ጅማት ነው። መሐሉ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ በሁለት ጫፉ ቁራጭ አጥንት ይዞ ይወጣል። አጥንት ከአጥንት ጋር ቶሎ ይጣበቃል፤ ጥሩነቱ ይህ ነው። መጥፎነቱ ደግሞ ብዙዎች በኋላ ሲንበረከኩ ያማቸዋል። ሁለተኛው ከጭን ጀርባ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። ተጣጥፈው ይወፍራሉ። ከፊት አያምም፤ ጉልበትን የማጠፍ ኃይል ግን ትንሽ ይቀንሳል። ሦስተኛው ከሎሚው በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ነው። ከሟች የተለገሰ ጅማትም አለ፤ በወጣት ስፖርተኞች ላይ ግን ከራስ ከተወሰደው ይልቅ ቶሎ ይበጠሳል።

የሰው ሠራሽ ገመድስ? በ1980ዎቹ በደንብ ተሞክሯል። ካርቦን ፋይበር፣ ጎርቴክስ፣ ዳክሮን። ሲገባ እንደ ብረት ጠንካራ ነበር። ከዚያ እየተፋተገ ፍርፋሪው ጉልበቱን አቃጠለው፣ ገመዱም ተበጠሰ። ሰው ሠራሽ ገመድ ራሱን አይጠግንም። ሕይወት ያለው ነገር ብቻ ነው ራሱን የሚጠግነው።

ሥራው በአርትሮስኮፒ ይሠራል። በጭን አጥንትና በቅልጥም ውስጥ መተላለፊያ ይቦረቦራል፣ ጅማቱ ይሳባል፣ በብሎን ወይም በትንሽ የብረት ቁልፍ ይታሰራል። ትልቁ ፈተና የቀዳዳዎቹ ቦታ ነው። በጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳተ፣ አንድም ጉልበቱ አይዘረጋም፣ አንድም ጅማቱ እየተፋተገ ያልቃል። ጅማቱ ከመታሰሩ በፊት ሐኪሙ ጉልበቱን ደጋግሞ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ብታዩ ገመድ እየተፈታተነ ነው የምትሉት። እውነትም እሱን ነው የሚያደርገው።

ባለፉት ዓመታት አንድ አሮጌ ሐሳብ ተመልሶ መጥቷል። ከጉልበት ውጫዊ ጎን ካለው ሰፊ ሽፋን ቀጭን ቁራጭ ወስዶ፣ ጉልበቱ እንዳይጠማዘዝ በተጨማሪ ማሰር ነው። በ2020 የወጣ፣ 618 ወጣቶችን ያሳተፈ ጥናት ይህ ሲጨመር አዲሱ ሊጋመንት በሁለት ዓመት ውስጥ የሚበጠስባቸው ሰዎች ከ11 ወደ 4 በመቶ እንደወረዱ አሳይቷል። ለሁሉም ሳይሆን ለወጣት፣ ጉልበቱ በጣም ለሚጠማዘዝና አቅጣጫ መቀየር ወደሚበዛበት ስፖርት ለሚመለስ ሰው ነው የሚመከረው። መስፋትም ጭራሽ አልሞተም። የቦስተኗ ሐኪም ማርታ መሬይ የፈሳሹን ችግር በቀጥታ ገጠመችው። ከላም የተገኘ ኮላጅን ስፖንጅ በታካሚው በራሱ ደም ነክራ በተበጠሱት ጫፎች መሐል አስቀመጠች፤ ደሙ እንዳይታጠብ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በታኅሣሥ 2020 ፈቀደው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁሉም ሰው መታከም አለበት ወይ? በ2010 ስዊድን ውስጥ ኤሲኤላቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሌሎቹ በፊዚዮቴራፒ ጀመሩ፤ ካስፈለጋቸው በኋላ ሊደረግላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመማቸውና እንቅስቃሴያቸው ሲለካ ልዩነት አልተገኘም። ከሁለተኛው ወገን ከመቶ 40 ያህሉ በኋላ ቀዶ ሕክምናውን መርጠዋል፣ ሌሎቹ ግን ሳይነኩ ቀሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ቀጥ ብሎ ለሚሮጥና ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ችኮላ አያስፈልግም። ለኳስ ተጫዋች፣ ጉልበቱ በተግባር ለሚከዳው ሰው፣ ወይም ሚኒስከሱ (የጉልበቱ የውስጥ ትራስ) አብሮ ለተቀደደበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኦፕራሲዮኑ ወደፊት ከሚመጣ የጉልበት ብግነት በእርግጠኝነት እንደሚያድን የሚነግራችሁ ካለ ግን አትመኑ። ጉዳቱ የደረሰ ዕለት ካርቲሌጁም ተመቷል።

ሚኒስከስ ካነሣን፣ በሁለቱ አጥንቶች መሐል ያሉ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ትራሶች ናቸው። ድሮ ሲቀደዱ ተጎልጉለው ይጣሉ ነበር፤ ምንም እንደማይጠቅም ነገር። በ1948 ፌርባንክ የተባለ እንግሊዛዊ የእነዚህን ሰዎች ራጅ አይቶ አጥንታቸው እየተጎዳ መሆኑን ጻፈ። አሁን የደም ሥር ባለበት በውጫዊው ጠርዝ የተቀደደ ከሆነ ይሰፋል። በዕድሜ የሳሳ ሚኒስከስ ግን ሌላ ነው። በ2013 ፊንላንዳውያን 146 ሰዎችን ወስደው ለግማሾቹ የተቀደደውን ቆረጡላቸው፣ ለሌሎቹ የቆረጡ አስመስለው ብቻ ዘጉት። ከዓመት በኋላ ልዩነት አልታየም።

ሎሚዋ ራሷ የምትወልቅባቸውም አሉ። ከውስጥ የሚይዛት ሊጋመንት ብቻ ከተበጠሰ እሱ ይተካል። የምትሄድበት ቦይ ጥልቀት ከሌለው ወይም ጅማቷ ቅልጥም ላይ የታሰረበት ቦታ ወደ ውጭ ካዘነበለ ግን አጥንቱን ማስተካከል ግድ ይላል። ያው የጎደለውን መፈለግ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ

ቁስል ማመርቀዝ፣ ደም መርጋት፣ መገጣጠሚያ መድረቅ፤ እነዚህ በየትኛውም የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ሊመጡ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ አይመጡም። ከእነሱ ይልቅ ሰውን የሚጥለው ነገር ሌላ ነው፤ ደኅና ነኝ ማለት።

ጉልበት ውስጥ የገባው ጅማት በመጀመሪያ ደም አይደርሰውም፤ ሕዋሶቹ ይሞታሉ። ቀስ በቀስ የደም ሥር ያበቅላል፣ አዳዲስ ሕዋሶች ይገቡበታል፣ ከብዙ ወራት በኋላ ሊጋመንት ወደ መምሰል ይመጣል። መሐል ላይ ግን ከገባበት ቀን ይልቅ ይደክማል። በጣም የሚደክመው ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ችግሩ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሕመሙ ጠፍቷል፣ እብጠቱ ሄዷል፣ ሰውየው ደረጃ እየዘለለ መውረድ ያምረዋል።

በ2016 የወጣ የኖርዌይ ጥናት፣ ወደ ስፖርት መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ዘጠኝ ወር ቢያንስ ነው። የቀን መቁጠሪያ ብቻውን ግን አይበቃም። ፊዚዮቴራፒስቱ በአንድ እግር ያዘልላችኋል፣ የጭን ጡንቻችሁን ይለካል፣ የታከመው እግር ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ ይጠብቃል።

እዚህም ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በእነዚያ ወራት ጤነኛው እግርም ሥራ ፈትቶ ደክሟል። ከደከመ እግር ጋር ተወዳድሮ 90 በመቶ ማምጣት ቀላል ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ የሁለቱንም እግር ጉልበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለክቶ ይጽፋል፣ በኋላ የሚያወዳድረውም ከዚያ ቁጥር ጋር ነው። ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ሰው ከሆናችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ይህ ልኬት እንዲወሰድ ጠይቁ። በኋላ ሊገኝ አይችልም።